ታይምሼር ገዝቶ ያተረፈ ሀበሻ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ርዕሱ ላይ ያለው ነው። ታይምሼር ማለት ሪዞርት ውስጥ ለዕረፍት የምትሄድበትን አንድ ሳምንት መግዛት ነው። ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ባለፈው ነሐሴ ኦርላንዶ ይዘናቸው ሄድን። ሆቴሉ ሎቢ ውስጥ አንዲት ፈገግታዋ የማይጠፋ ልጅ ጠረጴዛ ዘርግታ ቆማለች። የመዝናኛ ፓርክ ቲኬት በግማሽ ዋጋ ልስጣችሁ አለችን። ማን ይጠላል? የሚጠበቅብን 90 ደቂቃ ቁጭ ብሎ የታይምሼር ሻጭ ማዳመጥ ብቻ ነው። ቁርስም አለ። ግን ባልና ሚስት አብረው ካልመጡ አይሆንም። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

90 ደቂቃው 4 ሰዓት ሆነ። ልጆቹ መጫወቻ ክፍል ገቡ። ሻጩ ጸጉሩ የሸበተ፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ የልጆቹን ስም ገና ስንቀመጥ በቃሉ ያዘ። ነጭ ወረቀት አወጣና ቁጥሮቹን ገልብጦ መጻፍ ጀመረ። ማለቴ፣ እኛ ከማዶ ሆነን ቀጥ አድርገን እንድናነባቸው ለራሱ ቁልቁል ነው የሚጽፋቸው። ይህን ለመልመድ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ሳስብ ግማሹን ወሬ ሳልሰማው ቀረሁ። የጻፈው ይኸው ነው። ሆቴል በቀን 250 ዶላር። በ7 ቀን 1,750። በ30 ዓመት 52,500። ከሥሩ ሁለቴ አሰመረበት። ከጎኑ ደግሞ የታይምሼሩን ዋጋ 22,000 ብሎ ጻፈና እስክሪብቶውን ለባለቤቴ አቀበለው።

ባለቤቴ ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። እስክሪብቶውን ያዘ። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

እናስብበት ስንል ዋጋው ለዛሬ ብቻ ነው ተባልን። ስንነሳ ሌላ ሰው መጣ። እሱ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ አንድ ሳምንት የምንሄድበት በ9,900 አለኝ አለ። እንደ መርካቶ ዋጋው በር ላይ ስንደርስ ይወርዳል። ቲኬታችንን ተቀብለን ወጣን። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ቁጭቱ አልወጣለትም። ስለ ዕረፍት በተነሳ ቁጥር 52,500 ይለኛል። እውነት ለቤተሰብ ገንዘብ ይቆጥባል? ያላችሁ ንገሩን።

ይህን ጽፌ ተኛሁ። ስልኬ ሲንጫጫ አደረ። የመልሶቹ ክር በጣም ስለረዘመ፣ አሁን ለሚመጣ ሰው ይቀለው ብዬ መልሶቹን በቅደም ተከተላቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬያቸዋለሁ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

1ኛ። እንድንሮጥ መክሮ ሄደ። ከየት ወደ የት እንደሆነ አላብራራም።

2ኛ። አንድ አባት ናቸው፣ በጣም ጨዋ። ስለ ጥያቄው አመስግነው ነው የጀመሩት። በ1998 ዊሊያምስበርግ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አንድ ሳምንት ገዝተዋል። ሁለት መኝታ፣ ሙሉ ኩሽና፣ ልብስ ማጠቢያ ሳይቀር አለው። ታክሲ ይነዱ ነበር። ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቁም። መኪናው ከቆመ ገቢውም ይቆማል። ያ ሳምንት ግን አስቀድሞ የተከፈለበት ስለሆነ እልህ ይዟቸው ይሄዳሉ። ገንዘብ ቆጠብኩ አላሉም። ሦስቱን ልጆቻቸውን በዓመት አንዴ በደንብ ያዩዋቸው እዚያ ነው። ይህን ሳነብ ዝም አልኩ። በሰው አገር እንደ እኛ ዕረፍት የሚፈራ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ካልተከፈለበት አንሄድም።

3ኛ። አንዱ ሜንተናንሱ በዓመት ስንት እንደሚደርስባቸው አባትየውን ጠየቃቸው። ለማያውቅ ሰው ልንገር። ታይምሼር ማለት የአንድ ኮንዶ 52 ሳምንት ተሸንሽኖ ሲሸጥ ነው። አንዷ ሳምንት ያንተ ናት፤ አንዳንዱ ጋ በሳምንት ፋንታ አዳር የምትይዝበት ፖይንት ይሸጡልሃል። ከግዢው ሌላ በየዓመቱ የምትከፍለው አለ፣ እሱ ነው ሜንተናንስ የሚባለው። ሄድክ አልሄድክ ትከፍላለህ። ብድሩን ጨርሰህም ትከፍላለህ።

4ኛ። አባታችን ሳይደብቁ መለሱ። ሲጀምሩ 400 ዶላር አይሞላም ነበር። ዘንድሮ ከ1,300 አልፏል። በየጥር ወሩ ይመጣል። አንድ ዓመት ደግሞ ጣሪያ ይቀየራል ተብሎ ተጨማሪ 900 ተጠይቀዋል። የማይከፍል ሰው ምን እንደሚሆን የጠየቀም ነበር። ክሬዲቱ ይበላሻል፣ ሰብሳቢ ድርጅት ይደውልበታል፣ ሳምንቱንም ይወስዱበታል ብለዋል።

5ኛ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሻጩ የጻፈውን ወስዶ በትኖ አሳየን። ከ22,000 ውስጥ 10 በመቶ ቅድሚያ ይከፈላል እንበል፣ 2,200። የቀረው 19,800 በ15 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት። የታይምሼር ብድር እንደ ቤት ብድር አይደለም፣ ወለዱ ወደ ክሬዲት ካርድ ነው የሚጠጋው። በወር 319 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሲያልቅ ከቅድሚያው ጋር 40,500 ከፍለሃል። ሜንተናንሱን በ1,100 ጀምረህ በየዓመቱ 5 በመቶ ጨምርበት። በ30 ዓመት እሱ ብቻውን 73,000 ነው። ድምር 113,600። ሻጩ ደግሞ ሆቴሉን ያስፈራራባችሁ በ52,500 ነው። ከእጥፍ በላይ ትከፍሉ ነበር አለን። ለባለቤቴ ወዲያው አነበብኩለት። እኔ ደስ አለኝ፣ እሱ ኮምጨጭ አለ።

6ኛ። ደስታዬ ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ይህኛው ሰው ኃይለኛ ነው። ሜንተናንሱን በየዓመቱ እያሳደግክ ሆቴሉን ለ30 ዓመት በ250 አስረህ ታስቀምጣለህ ወይ ብሎ ሒሳብ ሠራተኛውን አፋጠጠው። የማን አገር ሒሳብ ነው ሁሉ አለው። ሆቴሉም 5 በመቶ ይጨምር ከተባለ በ30 ዓመት 116,000 ይደርሳል። ከ113,600 ጋር ሲተያይ እኩል ነው ማለት ይቻላል። አራት ሰው ደግሞ ሁሌ አንድ ክፍል አይበቃውም። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ቡና እየጠጣ ነበር። ስኒውን አስቀምጦ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

7ኛ። ሒሳብ ሠራተኛው ተመለሰ። አልተናደደም። መሳሳቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ይህ በኢንተርኔት ላይ ሲሆን ስንት ጊዜ አይታችኋል? ከዚያ ግን ሁለት መስመር ጨመረ። የክሩ ሁሉ ሥጋ ያለው እነሱ ላይ ነው።

አንደኛው እንዲህ ነው። ያንኑ ሁለት መኝታ ኮንዶ፣ ያንኑ ሳምንት፣ መሄድ ያልቻለ የታይምሼር ባለቤት ያከራየዋል። ሜንተናንሱን ለመሸፈን ያህል ነው የሚፈልገው፤ ኦርላንዶ ላይ ከዚያም ወርዶ ይገኛል። 1,200 ብለህ ጀምር፣ በየዓመቱ 5 በመቶ ጨምር። በ30 ዓመት ወደ 80,000 ነው። ያልሄድክበት ዓመት ምንም አትከፍልም። ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ሳምንት ሊገላገለው ከፈለገ ሰው በጥቂት መቶ ዶላር መግዛት ነው። ያኔ የምትከፍለው 73,000ውን ሜንተናንስ ብቻ ነው።

ሻጩ ታይምሼርን ከሆቴል ጋር ብቻ ነው ያስተያየን። አልዋሸም። እነዚህን ሁለት መስመሮች ግን አልጻፋቸውም። ገልብጦም ቢሆን። ያ 40,500 ምን ሊገዛልን እንደነበር ሳስብ ከቁርሱ ሌላ አላገኘሁም። ባለቤቴ 7ኛውን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወዲህ 52,500 ሲል አልሰማሁትም።

8ኛ። ላስ ቬጋስ የምትኖር ልጅ ናት። በተለያዩ ቦታዎች 11 ጊዜ ገብታ 11 ጊዜ ሳትፈርም ወጥታለች። የሾው ቲኬት ወስዳለች፣ የ100 ዶላር ካርድ ወስዳለች፣ እራት በልታለች። ዘዴዋን ነገረችን። እንደተቀመጠች ስልኳ ላይ 90 ደቂቃ ትሞላና በሻጩ ፊት ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ሲጮህ ትነሳለች። ሰውየው ወሬው መሃል ላይ ቢሆንም ትነሳለች። ሌላው ደግሞ ለጥያቄያቸው አዎ አለማለት ነው፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ አዎ እንዲያስብሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እውነቷን ነው። የኛው ሰውዬ ልጆቻችሁን ትወዳላችሁ ወይ ብሎ ጠይቆናል። ምን ይባላል?

9ኛ። ነርስ ናት፣ ተቆጥታለች። አራት ሰዓት ኦቨርታይም ብትገባ ቲኬቱን በሙሉ ዋጋው እንደምትገዛና ለነጻ ቁርስ ብሎ ሰው ፊት ተቀምጦ መዋሸት ነውር እንደሆነ ጻፈች።

10ኛ እና 11ኛ። የቬጋሷና ነርሷ ተያያዙ። ደላላ የሚል ቃልም ተወረወረ። አልደግመውም።

12ኛ። ታሪክ የሚወድ ሰው መጣ። ማንም አልጠየቀውም፣ እኔ ግን ወደድኩት። ነገሩ አሜሪካ አልተወለደም። በ1960ዎቹ አውሮፓ ውስጥ፣ የፈረንሳይ አልፕስ ላይ፣ ለበረዶ ሸርተቴ ሙሉ ቤት መግዛት ያልቻለ ሰው ሳምንቷን ይግዛ ተብሎ ነው የተጀመረው። በ1974 ሳምንታቸውን እርስ በርስ የሚያለዋውጥ ድርጅት ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ተቋቋመ፣ አርሲአይ የሚባለው። በ1984 ማሪዮት ገባበት። በ1991 ዲዝኒ። ትልልቆቹ የሆቴል ስሞች ሲገቡ ሰው ማመን ጀመረ ባይ ነው። ለልውውጡም ቢሆን በየዓመቱ የአባልነት፣ በየለውጡ ደግሞ ሌላ ክፍያ እንዳለው አስታወሰን። ሻጩ በናንተ ሳምንት ዓለምን ትዞራላችሁ ሲል ይህን የሚነግረው ሰው የለም።

13ኛ። ፍራንክፈርት የሚኖር ወንድማችን ነው። ቴነሪፍ የምትባል የስፔን ደሴት ላይ መንገድ ዳር የሚፋቅ ካርድ ሰጥተውት ፋቀ፤ አሸነፍክ ተባለ። ሽልማቱን ለመውሰድ ግን ታክሲ ውስጥ ገብቶ ሪዞርት መሄድ ነበረበት። ሄዶ አዳመጠ፣ ገንዘብ ግን ሳይወስዱበት ተመለሰ። በ2008 የወጣ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ አለ። ገዢ 14 ቀን የማሰቢያ ጊዜ አለው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም ሻጩ አንድ ሳንቲም ቅድሚያ መቀበል አይችልም። አሜሪካ ክሬዲት ካርዳችሁን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ለምን ይቀበሏችኋል ብሎ እኛ መንግሥት የሆንን ይመስል ጠየቀን። እኔ ምን ልበለው።

14ኛ። 7ኛውን አጠናከረ። ኢቤይ ላይ ታይምሼር በ1 ዶላር እንደሚሸጥ፣ አንዳንዱ እንዲያውም የስም ማዛወሪያውን ከፍሎ እንደሚሰጥ ነገረን። በ22,000 የተገዛ ነገር ከሳምንት በኋላ በ1 ዶላር ሲቀርብ ማየት ያማል። ግን ዝም ብላችሁ አትግዙ አለ፤ በሁለተኛ እጅ የገዛ ሰው የማያገኛቸው ጥቅሞች አሉ። ዲዝኒን ለብቻው አየው። የሱ ሲሸጥ ዋጋ ይይዛል። ሆኖም ቀደምቶቹ ላይ ውሉ በ2042 ያበቃል፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በአዲሶቹ ሪዞርቶች ላይ ለሁለተኛ እጅ ገዢ ገደብ ጥለዋል። የጻፈው ሰው ቤተሰብ በየዓመቱ ሳይቀር ይሄዳል፣ ከአንድ ባለቤት ነው የገዛው፣ በጥሬ ገንዘብ። አዋጥቶኛል ያለ እሱ ብቻ ነው። እኔም አምነዋለሁ።

15ኛ። እዚህ ላይ ነገሩ ተለወጠ። አንድ ሰው ዓርብ ማታ ሰላም እንኳ ሳይል ጻፈ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ኦርላንዶ ላይ ፈርሟል። ልክ እንደኛው፣ ቲኬት ብሎ ገብቶ። ሚስቱ ይህን ክር አንብባ ስታለቅስ ነው የዋለችው። ምን ይሻለኛል ይላል።

16ኛ። ፍሎሪዳ መፈረሙን፣ ቀኑንም በትክክል ጠይቃ አረጋገጠች። የቬጋሷ ልጅ ናት። ከነርሷ ጋር መጣላቷን የረሳች ትመስላለች።

17ኛ። የሕግ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ እህት ናት። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው የጻፈችው፣ እግዜር ይስጣት። ፍሎሪዳ ውስጥ ገዢ በ10 ቀን ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይችላል፤ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል። ቨርጂኒያ 7 ቀን ነው፣ ኔቫዳ 5። ሻጩ ይህን መብቴን ትቻለሁ የሚል ወረቀት ቢያስፈርመው እንኳ አይጸናም። ከዚያ በጣቷ ቆጠረችለት። ሐሙስ ከፈረመ አሥረኛው ቀን እሁድ ነው። እሁድ ፖስታ ቤት ዝግ ነው። ስለዚህ ያለው ነገ ጠዋት ብቻ ነው። ስልክ አይሠራም። ተመልሶ ማናገርም አይሠራም፣ ሌላ ስጦታ ይሰጡትና ቀኑን ያሳልፉበታል። በጽሑፍ መሆን አለበት። የሁለቱ ስም፣ የውሉ ቁጥር፣ የፈረሙበት ቀን፣ ሰርዘነዋል የሚል አንድ መስመር፣ የሁለቱ ፊርማ። ውሉ ላይ ለስረዛ ተብሎ ወደተጻፈው አድራሻ፣ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ማለትም ደረሰኝ በሚሰጥበት ፖስታ። የሚቆጠረው ፖስታ ቤቱ ማኅተም ያደረገበት ቀን ነው። ደረሰኙን እንደ ፓስፖርት ያዝ አለችው።

18ኛ። ምክንያት እንዳይጽፍ መከረው። ይቅርታም እንዳይጠይቅ። ይሄ ለኛ ሰው ከባድ ነው፤ ገንዘባችንን ስናስመልስ እንኳ ስላስቸገርናችሁ ብለን ነው።

19ኛ። ሰውየው ተመልሶ መጣ። አድራሻው የለም። ውሉን ገጽ በገጽ አገላብጦ አጣው። አንድ ሰው የሰጡህ ማኅደር የኋላ ኪስ አለው ወይ አለው። ነበረው። ወረቀቱ እዚያ ተወሽቋል፣ በብስኩት ኩፖን ተሸፍኖ።

20ኛ። በዚህ መሃል አንዱ ገብቶ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ገንዘቡ ቢበላም ይገባዋል አለ። ተምሬያለሁ የሚል ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል የሚል ነገርም ጨመረበት።

21ኛ። ያ ጨዋ አባት፣ 2ኛው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ አሉ። እኔም በ1998 ሳላነብ ነው የፈረምኩት፣ ያኔ ባነበውም አልገባኝም ነበር፣ እንግሊዝኛዬ ከአየር ማረፊያ እስከ ዳውንታውን የሚያደርስ ብቻ ነበር አሉ። ልጁን ተወው፣ ጠዋት ፖስታ ቤት የሚሄድ ሰው ነው አሉት። 20ኛው ዝም አለ። 31ኛው ድረስ አልተመለሰም።

22ኛ። ከ10 ቀኑ ላለፈ ሰው ምን ይሻላል የሚል ጥያቄ ተነሳ። ከታይምሼር እናስወጣችኋለን ብለው በሬዲዮ የሚያስነግሩ ድርጅቶች አሉ አለ አንዱ። አጎቱ ለአንዱ 4,000 ዶላር አስቀድሞ ከፍሎ ዛሬም ሜንተናንሱ በስሙ ይመጣል። 17ኛዋ አገዘችው። በ2022 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የዊስኮንሲን ስቴት ሚዙሪ ያሉ እንዲህ ያሉ ድርጅቶችን ከሰዋል፣ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል ተብለው፣ የከፈሉት አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። መጀመሪያ ሪዞርቱን ራሱን ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። ዕዳው ካለቀ መልሰው የሚረከቡ አሉ።

23ኛ። ከዚያ የባሰ አለ። ገዢ አግኝተንላችኋል ብሎ የሚደውል ሰው። ታክስ ብቻ አስቀድማችሁ ላኩ ይላል። ሜክሲኮ ውስጥ ታይምሼር ያላቸውን አሜሪካውያን እየፈለጉ እንዲህ የሚያጭበረብሩት የጃሊስኮ ካርቴል የሚባለው የሜክሲኮ ዕፅ አዘዋዋሪ ቡድን ሰዎች ናቸው፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት ማዕቀብ ጥሎባቸዋል። ኤፍቢአይ ከ2019 እስከ 2023 ወደ 6,000 ሰዎች 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተበልተናል ብለው አመልክተዋል ይላል። ባለቤቴ ይህን አንብቦ እኛ ለምን ተርፈናል ብሎ ጠየቀኝ። እግርህን ስለረገጥኩህ አልኩት።

24ኛ። አባታችን ቀደም ብለው ሳምንቷን ለልጆቼ አወርሳለሁ ብለው ነበር። አንዷ በጣም በጥንቃቄ፣ እርስዎ እያለች መለሰችላቸው። አባቷ ሲያርፉ ለሦስት እህትማማቾች አንድ ሳምንት ፖኮኖስ ላይ ተገኘች። አንዳቸውም መሄድ አይፈልጉም፣ ሜንተናንሱ ግን ለቅሶው ሳያልቅ መጣ። ወራሽ አልቀበልም ማለት እንደሚችል በኋላ ነው የሰሙት። ይህ በጽሑፍ ነው፣ በ9 ወር ውስጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠቀሙበት። እነሱ ግን አንዴ ሄደው አድረውበታል። ቢያንስ የመዋኛ ገንዳው ጥሩ ነበር ብላ ጨረሰችው።

25ኛ። ሰውየው ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደው፣ ግን ደግ አደረገ። እኛ ዕረፍት የት አለን አለ። ያለችን ሁለት ሳምንት ናት። አንዱ ዓመት አዲስ አበባ ነው፣ አራት ትኬት ሲገዛ የዓመት ቁጠባው አለቀ። ሌላው ዓመት ጁላይ 4 የኳስ ውድድሩ ነው። ከ1984 ጀምሮ ሀበሻ በየዓመቱ አንድ ከተማ ይሰበሰባል፣ ከተማው ደግሞ ይቀያየራል። የሱ ታይምሼር ሳምንት ልክ የጁላይ 4 ናት። በ12 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ነው የሄደባት። ሒሳብ ሠራተኛው በየዓመቱ ትሄዳላችሁ ብሎ የደመረው እዚህ ላይ ፈረሰ።

26ኛ። የዕረፍት ዕቁብ እንጀምር የሚል መጣ። አሥር ቤተሰብ፣ በወር 150 ዶላር፣ የደረሰው በ1,500 ልጆቹን ይዞ ይሂድ። ወለድ የለው፣ ሜንተናንስ የለው። ዳኛው ማን ይሁን የሚለው ላይ ግን ወዲያው ክርክር ተነሳ። ነርሷ ራሷን አቀረበች። የቬጋሷ ተቃወመች።

27ኛ እስከ 29ኛ። ወሬው ምግብ ላይ ደረሰ። የኩሽናው ጉዳይ ነው ያመጣው። 27ኛው ለአራት ሰው በሳምንት ውጭ መብላት ከክፍሉ ዋጋ እንደሚበልጥ፣ ታይምሼር ገንዘብ ቆጥቧል ከተባለ የቆጠበው ምድጃው ነው አለ። እንጀራ በኩለር ይዞ 13 ሰዓት ይነዳል፤ በየንብርብሩ መሃል ወረቀት ያደርጋል። 28ኛዋ ድርቆሽ ይበቃል ትላለች። 29ኛዋ ሪዞርት ውስጥ ለወጥ ሽንኩርት ስታቁላላ የጢስ ደወሉ ጮኾ ፎቁ በሙሉ በፒጃማ ወርዷል። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ድስቱን ከፍቶ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ዶሮ ገና አልገባም ነበር። አቅምሳው ሄደ፣ በዳቦ።

30ኛ። ቅዳሜ 7 ሰዓት ላይ 15ኛው ሰው ተመለሰ። ፖስታ ቤቱ ሳይከፈት ደርሶ ሁለተኛ ተሰልፏል። የደረሰኙን ፎቶ ለጠፈ፣ አድራሻውን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ። ጣቱ ላይ ቀለም ነክቶታል። ሰባት ሰው የልብ ምልክት አደረገለት። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ መኪና ውስጥ እየጠበቀችው ነበር። ቅድሚያ የከፈለው 2,400 ነው፤ ሕጉ ሻጩ ደብዳቤው በደረሰው በ20 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። እስካሁን 9 ቀን ሆኖታል። ሲገባ ጻፍልን ብለነዋል።

31ኛ። ያ አባት ናቸው። ሰኞ ዕለት ሪዞርቱን ደውለው ሳምንቷን ትረከቡኛላችሁ ወይ ብለው ጠይቀዋል። የዘንድሮው ሜንተናንስ ከተከፈለ ማመልከት ይቻላል ተብለዋል። ቅጹ ተልኮላቸዋል፣ ገና አልሞሉትም። ትልቋ ልጃቸው በሐምሌ አንዴ እንሂድና ከዚያ ይመለስ ብላ ለምናቸዋለች። 20ኛው ሰው ከመልሳቸው ሥር ይቅርታ ጻፈ፣ አጭር።

እኛ ደግሞ ለመጪው ነሐሴ ያንኑ ሪዞርት ከአንድ ባለቤት በ1,150 ተከራይተናል። ሁለት መኝታ ነው። ያገኘው ባለቤቴ ነው፣ አሁን ለሰው ሁሉ ይሰብካል። 29ኛዋ እህቴ፣ ካነበብሽው አንድ ነገር ንገሪኝ። ሽንኩርቱን እቤት አቁላልቼ በረዶ አድርጌ ብወስደው ጣዕሙ ይቀየራል?